የሸረሪቷ ልጆች ያልኳቸው ዝንቦች

ቤታችን ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ባለፈው መስከረም አንድ የንብ መንጋ መጥቶ ባዶው ቀፏችን ውስጥ ገባ። ትንሽ መንጋ፣ ደካማ። ባለቤቴ ግን የልጅ ልጃችንን የሰርግ ጠጅ ከዚያ ማር ልትጥል አስባ፣ ንቦቹን እንደ ጥጃ ትጠብቃቸው ጀመር።

ከቀፎው አጠገብ አደይ አበባ ላይ አንዲት ቢጫ ሸረሪት ተቀምጣለች። ድር አታደራም፤ አበባውን መስላ ታደፍጣለች። ንብ ስታርፍ ማጅራቷን ነው የምትይዛት።

«ትገደል» አለች ባለቤቴ።

ልገድላት ጎንበስ ስል፣ በያዘቻት ንብ ላይ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ጥቋቁር ዝንቦች ሰፍረው አየሁ። ከሸረሪቷ አፍ ሥር ገብተው ይመጥጣሉ። እሷም ዝም ብላቸዋለች። እጄን ሰበሰብኩ።

«ልጆቿን እያበላች ነው። አራስ አትነካም።»

«እናቲቱ ክንፍ የላት፣ ልጆቿ ክንፍ አወጡ?»

«ምስጥስ ክንፍ ያወጣ የለም እንዴ?»

«እንግዲያው የአራስ ገንፎ ላገንፋላት» ብላኝ ሄደች።

እኔ ካልኩ አልኩ ነው። ጠዋት ጠዋት የፕላስቲክ ወንበሬን አውጥቼ ሸረሪቷን ከባለቤቴ እጠብቃት ጀመር። ንቡ እየተበላ፣ እኔ ለሸረሪቷ ዘብ ነኝ። ጎረቤት ሲመጣ ባለቤቴ፣ «ልጆቿን ክርስትና ሊያነሱላት ነው» እያለች ታስቅብኛለች።

አንድ ጠዋት አብረን ቆመን ሳለ፣ ሸረሪቷ መጥጣ የጨረሰቻትን ንብ ጣለች። ዝንቦቹ ብድግ አሉ። ለካ ከጎን ባለው የባቄላ አበባ ላይ ሌላ ነጭ ሸረሪት አዲስ ንብ ይዛለች። ሄደው ንቧ ላይ ሰፈሩ። እንደውም ነጯ ሸረሪት ራሷ ሳትቀምስ ቀደሟት።

ባለቤቴ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «እንጀራ እናት አገኙ በሉኛ።»

ሳቄ አላስቆመኝ አለ፤ አጥሩን ይዤ ሳቅኩ። ሌቦች ናቸው። ከገዳይ አፍ ሥር ቁጭ ብሎ የሚበላ እንዲህ ያለ ደፋር ሌባ በዕድሜዬ አላየሁም። ሁለቱን አበባ ከነሸረሪቶቻቸው ቀንጥሼ ከዳገቱ ሥር ካለው ወንዝ ማዶ ወስጄ ጣልኩ።

መንጋው በረታ። ኅዳር ላይ ማሩን ስንቆርጥ ነጭ፣ ወፍራም፣ ለሰርጉ የሚበቃ ሆኖ ተገኘ።

«ተሸነፍኩ ግን አላልኩም» አልኳት።

«እኔስ መች ጠየቅኩዎ» አለች፣ እጇ ላይ ካለው ሰፈፍ እየቆረሰች። «አፍዎን ይክፈቱ።»