በሁዳዴ የቀረበ አስኳል

የዚያን ዕለት ንፋስ መውጫ ላይ የተነሣው ነፋስ ሰው አቁሞ የሚያስኬድ አልነበረም። በጃንሆይ ዘመን፣ ጣሊያን ወጥቶ አገር ከተረጋጋ በኋላ፣ የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው፤ ሁዳዴ ገና መግባቱ ነበር። ነፋሱ አቧራ እያንከባለለ መጣና የባላምባራስ ደምሌን የማጀት ክዳን ግማሹን ገንጥሎ ወሰደው። የቀረው ሣር ከነጥቀርሻው ሽሮው ድስት ውስጥ ተዘረገፈ።

ዘርፌ የቤቱ ወጥ ሠሪ ነበረች። እናትና አባቷ ሲሞቱባት በልጅነቷ እዚያ ቤት ገብታ፣ ውሃ ቀድታ፣ እህል ፈጭታ፣ በመጨረሻ ድስቱን የተረከበች ሴት ናት። ያለቻት አንዲት እህትም በሰው ቤት አዳሪ ነበረችና፣ ከዚያ ብትወጣ የምትገባበት አልነበራትም። ለኪዳነ ምሕረት ዝክር ደግሞ የቤተ ልሔም ደብር ካህናት ከቅዳሴ ወጥተው ሊመጡ ነው።

«እሜቴ፣ ያችን የአስመራዋን ሣጥን ይፍቀዱልኝ» አለቻቸው እመቤቷን ወይዘሮ ሐረገ ወይንን።

ሣጥኑን የላኩት የወይዘሮዋ ወንድም ናቸው፤ በውስጡ በጣሳ የታሸገ ኮክና እንጆሪ አለ። ለፋሲካ ተብሎ የተቀመጠ ነው፤ ከቤቱ ሰው ቀምሶት የሚያውቅ የለም።

«ካህናቱ ሳይበሉ ከተነሡ፣ ከነገ ጀምሮ ይኸን ማጀት እንዳትረግጪው» አሉና ቁልፉን ሰጧት።

ዘርፌ የቢላዋውን ጫፍ በመጀመሪያው ጣሳ ላይ አስደግፋ በድንጋይ መታችው። ጭማቂው ፊቷ ላይ ፊን አለ፤ ሳታስበው ላሰችው። የጾም መፍቻው ሰዓት ገና ነበርና ደነገጠች፤ ጣዕሙ ግን ድንጋጤዋን አስረሳት። እሷ የምታውቀው ኮክ ልጆች ሳይበስል የሚጨርሱት፣ ጥርስ የሚያጠርሰው ነው። ልቧ እየመታ፣ እጇ እየተጣደፈ፣ የገብስ በሶ አወጣችና በውሃ ፈንታ በዚያ ጭማቂ ለወሰችው፤ የተወቀጠ ኑግ ጨምራ ጭብጦ አደረገችው። እንጆሪውን ዝንጅብል ጣል አድርጋ ደቆሰችና እንደ ድልህ አፈሰሰችበት። ከላይ ለሁለት የተከፈለውን ኮክ ደረደረች። ስትጨርስ ወደ ኋላ ብላ አየችው፤ ያን የመሰለ ነገር የራሷ እጅ መሥራቱን ማመን አቅቷት ብቻዋን ሳቀች።

ካህናቱ ማዕዱን ከበቡ። መክደኛው ሲነሣ ቄስ ቀለመ ወርቅ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አስኳል ነው» አሉ።

«ኮክ ነው፣ አባቴ» አለች ዘርፌ።

«ልጄ፣ እኔ ዶሮ አርብቻለሁ። ይኸ ብጫ፣ ይኸ ክብ ይጠፋኛል?»

ሌሎቹም እጃቸውን ሰበሰቡ። ወይዘሮ ሐረገ ወይን ዘርፌን አዩዋት። ብትምል ብትገዘት ማን ይሰማታል።

ከካህናቱ መሐል የቅኔው መምህር መርጌታ ገብረ ሕይወት ዓይነ ስውር ነበሩ። ቤቱ ዝም ሲልባቸው «ምን ሆናችሁ? እኔን ራብ ገደለኝ እኮ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ዘርፌ አንዱን ኮክ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። አገላበጡት፤ በአውራ ጣታቸው ሲዳስሱ ፍሬው የወጣበትን ጎድጓዳ አገኙት።

«ቀለመ ወርቅ።»

«አቤት፣ የኔታ።»

«ዶሮህ ፍሬ ያለው እንቁላል ትጥል ነበር?»

«ኧረ የለም፣ የኔታ።»

«እንግዲያ እንዲህ ያለች ዶሮ ፈልገህ ግዛልኝ፤ ከሁዳዴ እስከ ፍልሰታ እንቁላሏን ስበላ እኖራለሁ።» ጎረሱት። ጭማቂው በጺማቸው ወረደ። «ድገሚኝ፣ ልጄ። ቀለመ ወርቅ ይጹምልን።»

ሳቁ ቤቱን ሞላው፤ እጅ በእጅ ላይ ተደራረበ። ቄስ ቀለመ ወርቅ «ላረጋግጥ» ብለው አንዱን ጎረሱ፤ ሌላም አስከተሉ።

«ገና አልተረጋገጠልህም?» አሏቸው መርጌታ።

ጭብጦው አልቆ ሣሕኑ በጣት ተጠረገ። ወይዘሮ ሐረገ ወይን ማጀት ድረስ መጥተው «ክዳኑን ነገ አስጠግናለሁ፤ አንቺ የሚመጣውን ዝክር በምን እንደምናሳልፈው አስቢ» አሉ። ለዘርፌ ከዚያ በላይ ቃል አላስፈለጋትም። ጣሳው ሥር የቀረችውን ጭማቂ እንደቆመች ጨለጠቻት።

ባላምባራስ እስኪሞቱና ቤቱ እስኪፈታ ድረስ እዚያው ወጥ ሠራች። አላገባችም፤ አልወለደችም፤ እንደሷ ላለች ሴት የሚደርሰው ይኸው ነው። ዛሬ በስተርጅናዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከእህቷ ልጅ ከብርቄ ጋር ትኖራለች።