ከምጽዋ የመጣው ውሻ

ስለ ታማኝ ውሻ የሚተረክ ነገር ስሰማ ለማን እንደታመነ እጠይቃለሁ። ሰው ግን መልሱን መስማት አይወድም።

ምጽዋ በወደቀች በሁለተኛው ወር አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ጆሮው የተቃጠለ ውሻ በገመድ እየጎተተ ሆሳዕና ገባ። ያኔ ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ። ወደቡ በመድፍ ሲደበደብ፣ ነዳጁ ውሃው ላይ ፈሶ ሲነድ፣ ወታደሩ እየተቃጠለ ባሕር ሲገባ፣ ውሻው አጎቴን በኮሌታው ነክሶ ወደ አሰብ የሚሸሽ ጀልባ ላይ እንዳወጣው ከተማው በሙሉ አወራ። አጎቴ እንዲህ አላለም፤ አላስተባበለምም። በቀረበው ቁጥር ውሻው ጥርሱን ሲያሳየው ሰው ድንጋጤው አልለቀቀውም ይል ነበር።

ወሬው በገበያተኛ ዳምቦያ ደረሰ። ከዚያ አንዲት ሴት መጥታ፣ ከእሱ ጋር በአንድ የጦር ጓድ የነበረው ልጇ የት እንደገባ ጠየቀችው። ጥይት እንደመታው ነገራት። ቀበሌው ያለ መንግሥት የመርዶ ወረቀት ለቅሶ ቢከለክልም ሊቀመንበሩ የሟች ዘመድ ስለነበር ከልካዩም አልቃሹም እሱ ሆነ።

አስከሬን ከሌለ በአልጋ ላይ የሟች ልብስ ይዘረጋል። አሟሟቱን ያየ ሰው አጠገቡ ቆሞ ለሚመጣው ለቀስተኛ ሁሉ እንደ አዲስ ይናገራል። አጎቴን ለዚህ ዳምቦያ ወሰዱት፤ እኔም ውሻውን ይዤ አብሬው ሄድኩ። ውሻው አልጋውን ሲያይ ገመዱን በጥሶ ሮጠና የተዘረጋው የሟች ኮት ላይ ተኛ። አጎቴ ሊያስነሳው ሲሞክር መዳፉን ዘነጠለው።

እናትየው ደሙን አየች።

"ይህ ውሻ የማን ነው?"

"የልጅዎ።"

"አንተ ጋ እንዴት መጣ?"

አጎቴ የተነከሰ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ። "ከውሃው ውስጥ ሆኖ አቀበለኝ። ቀጥሎ እሱ የጀልባውን ጠርዝ ያዘ። ሞልቶ ነበር፣ እናቴ፤ ሊገለብጠን ነው። ጣቶቹን በሰደፍ መታኋቸው። አለቀቀም። ደግሜ መታኋቸው።"

የሟች ወንድሞች በዱላ ጣሉት። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። መሃል አልገባሁም፤ ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ለመቆም ጥሩ ምክንያት አያጣም። ታላቅየው ለለቅሶው የያዘውን ጦር ሲያነሳ እናትየው ክንዱን ያዘችው።

"ተወው። ገና ለቀስተኛ እየመጣ ነው።"

ከአንጋጫ በኩል የመጡት እየጮሁ ሜዳውን ሲሞሉ አጎቴን ደግፈው አልጋው አጠገብ አቆሙት። ከመጀመሪያው ጀመረ። ቀጥሎ የዱራሜዎቹ መጡ፣ ከዚያ የሟች ሚስት ወገኖች። ድምፁ ሲዘጋ ውሃ ያቀብሉታል። እስኪመሽ ድረስ የዚያን ሰው ጣቶች አሥራ አንድ ጊዜ መታቸው።