ከቅርፊቱ ሥር

ሳዑዲ፣ ደማም ኢንዱስትሪ ከተማ ስለ ሠራተኞች መኖሪያ ልዘግብ ሄጄ፣ ስመለስ የአውቶቡሱ የብረት ደረጃ ቅልጥሜን ላጠኝ። ትንሽ ቁስል ነበር። ዘገባውን ልኬ ረሳሁት። ከአምስት ወር በኋላም አልዳነም፤ ይደርቃል፣ ቅርፊት ይይዛል፣ በሳምንቱ ከሥሩ መግል ይወጣና ሱሪዬ ላይ ይጣበቃል።

አል ሒዛም አል-አኽደር የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን ነበር የምኖረው። ስለ እግሬ የሚጠይቀኝ ጎረቤቴ ብቻ ነው፤ የወሎ ልጅ፣ በር የሚሠራ። ከሥራ ሲመለስ የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ከፍቶ ቢጫውን ዱቄት ቁስሉ ላይ ይነሰንስልኛል። አገር ቤትም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

“ጋሼ፣ እግርዎ እንደ አሠሪዬ፣ እንደ ካፊሌ ነው” አለኝ አንድ ቀን። “ኸላስ፣ አለቀ ይላል፤ በማግስቱ ያው ነው።”

“ካፊልህ መግል የለውም።”

“እሱን እንኳ ገልጬ አላየሁም፣ ወላሂ።”

ብዙም ሳይቆይ የሚሠራበት ድርጅት ወደ ሠራተኞች ካምፕ አዛወረው። ካፕሱሎቹን ትቶልኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ራሴ እነሰንስ ጀመር።

አጥንቴን ሲጠዘጥዘኝ ሆስፒታል ሄድኩ። ስኳር የለብኝም፣ የደም ዝውውሬም ደህና ነው። ሐኪሙ ቁስሉን በምን እንደምንከባከበው ጠየቀኝ። በውሃ አጥቤ እሸፍነዋለሁ አልኩት። ዱቄቱ ትዝም አላለኝ፤ ለእኔ እንደ ማጠብ ያለ ነገር ነበር። ከላይ በጥጥ ጠርገው የወሰዱት ናሙና ምንም ጀርም አላሳየም። ቅባት ሰጥተው ሸኙኝ።

ሁለት ወር ቆይቼ ስመለስ ሌላ ሐኪም አየችኝ፤ በዕድሜ የገፋች ሴት ናት። ቀጭን ብረት ወደ ቁስሉ አስገባች። ብረቱ ጠንካራ ነገር ነክቶ ቆመ።

“አጥንት ነው” አለች። ከዚያ ከእግሬ የፈታችውን ፋሻ አነሳችና “ይህ ቢጫ ምንድን ነው?” ብላ ጠየቀችኝ።

ነገርኳት። አልተቆጣችም። ዱቄቱ ላይ ላዩን ያለውን ጀርም እየገደለ ቁስሉን እንደሚያደርቀው፣ አጥንት ውስጥ የተደበቀውን ግን እንደማይነካ፣ ናሙናው ባዶ የወጣውም በዚሁ ሳይሆን እንደማይቀር አስረዳችኝ። ለሁለት ሳምንት ምንም መድኃኒት እንዳልነካ፣ ከዚያ ከአጥንቱ ቆርጠው እንደሚመረምሩ ነገረችኝ። ሕመሙ እጅግ ርቆ ከሄደ እግሬ ከጉልበት በታች ሊቆረጥ ይችላል።

በሙያዬ ሰው አንዲት ዝርዝር ሲያስቀርብኝ አላልፈውም። የራሴን አስቀርቼ ሁለት ወር አቃጠልኩ።

ሁለቱ ሳምንታት ረጅም ነበሩ። እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ እጽፋለሁ። በሰባተኛው ቀን እብጠቱ ወደ ቁርጭምጭሚቴ ወረደ፤ አንድ ካፕሱል አወጣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ጎረቤቴ ጋ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ ፈረቃ ላይ ይሆናል። በእነዚያ ቀናት በአማርኛ ያናገርኩት ሰው አልነበረም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ በአምስተኛው ቀን ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ መጣች። ጀርሙ ታውቋል፣ የሚገድለው መድኃኒትም አለ፣ የበሰበሰው አጥንት ተጠርጓል።

“እግርህ አይቆረጥም” ብላኝ ወደ ሌላ ክፍል ሄደች።

የጠያቂዎች ሰዓት ነበር። ስልኬን አንስቼ ለጎረቤቴ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ከጎኔ የተኛው የባንግላዴሽ ሰውዬም ጠያቂ አልመጣለትም። እግሬን አሳየሁትና “ማፊ ሙሽኪላ”፣ ችግር የለም፣ አልኩት።

ፋሻውን ትንሽ አየው። “አልሐምዱሊላህ” አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።