ባለ አንሶላው እና የእህቱ ካምቢዮ

ሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ባለ አንሶላው ነው። ሌላው መካኒክ ካምቢዮ ሲፈታ ማርሹን፣ ቀለበቱን፣ ኩሽኔታውን ባንድ ባልዲ ይጨምርና ሲገጥም ፈጣሪውን ይለምናል። እሱ ግን ጠረጴዛው ላይ አሮጌ የአልጋ አንሶላ ያነጥፋል፣ ከዘንጉ የወጣውን ሁሉ እንደ አወጣጡ ይደረድራል፣ የእያንዳንዱንም ፊት ወደ በሩ ያዞራል። "አስተኛኸው?" እያሉ ይቀልዱበታል። ይቀልዱ። እሱ የገጠመው ካምቢዮ ተመልሶ መጥቶ አያውቅም ነበር፣ እስከዚያ ሳምንት ድረስ።

መኪናዋ የአባታቸው ነበረች። አባት ሲሞቱ ለታላቅ እህቱ ደረሰቻት። አንድ ቀን ሽቅብ ስትወጣ ከሥር ጓ አለና ሦስተኛ ማርሽ ከዳት። ቤተሰቡ ጥፋተኛ ለመፈለግ ጊዜ አላባከነም። "ፍሪሲዮን በደንብ ሳትረግጥ እያስገባች ነው" አለ ባሏ። ባለ አንሶላውም ገና ካምቢዮውን ሳይከፍት "እሱማ ነው" ብሎ አረፈ። ሲከፍተው የማርሹ ጥርሶች ረግፈዋል፤ የረገፉት ግን ኩሽኔታው አርጅቶ ዘንጉ ስለተወላገደ እንጂ እህቱ ምንም አላደረገችም። አየና ዝም አለ። ክፋት አልነበረውም፤ የተናገሩትን መመለስ ግን እንደ እሱ ላለ ኩሩ ሰው የሞት ያህል ነው።

ኩሽኔታው በቀላሉ ተገኘ። ማርሹ ግን አሳሩን አበላው። የመለዋወጫ ነጋዴዎቹ የተሰባበረውን ማርሽ እያገላበጡ "ይሄን የሚያውቁት አባቴ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር" እያሉ ሸኙት። በመጨረሻ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ዶሮ አርቢ ግቢ ውስጥ የዚያችኑ መኪና እህት አገኛት፤ ጎማ የላት፣ መስታወት የላት፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋለች። አርቢው ካምቢዮውን እንዲያወርድ ፈቀደለት፣ ግን "ዶሮዋ ከተነሳችብኝ አንተን ነው የማስታቅፍህ" አለው። ባለ አንሶላው መዶሻ ሳያነሳ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ መኪናዋ ሥር እንደ ሌባ እየተሳበ ቀኑን ሙሉ ፈታ።

እሱ እዚያ ሲሳብ ከተማው ላይ ዝናብ ወረደ፣ የመሥሪያ ክፍሉም ጣሪያ አንሶላው ላይ ያንጠባጥብ ጀመር። ሚስቱ ባሏን ታውቀዋለች። ዕቃውን አንድ በአንድ አነሳች፣ ጠረጴዛውን አደረቀች፣ ደረቅ አንሶላ አንጥፋ መልሳ በቅደም ተከተሉ ደረደረችው። ማታ ስትነግረው ዓይኑን በአንሶላው ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬደ። አንድም ቦታውን የሳተ የለም። "እጅሽ ይባረክ" አላትና ተኛ።

በማግስቱ መግጠም ጀመረ። እህቱ ቸኩላለች። ባሏ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከሆስፒታል ሊወጣ ነው፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ከቁልቁለቱ ሥር፣ ታችኛው ከተማ ነው። "በሰው መኪና አላመጣውም፣ በራሴ ነው" ብላ ምላለች። ባለ አንሶላው ገጥሞ እንደጨረሰ መኪናዋን በሜዳው መንገድ ላይ ሞከራት። ማርሹ ቅቤ ነው። ቁልፉን ሰጣት፣ "እየነዳሽ ስልክ እንዳታነሺ" ብሎም አስጠነቀቃት። ሄደች።

አንሶላውን ከሚስቱ ጋር ሲያጥፉ እሷ ትንሽ ኮራ ብላ "እንደምትወደው ፊታቸውን ሁሉ ወደ በር አድርጌልህ ነበር እኮ" አለችው።

እጁ ቆመ። ክፍሉ ሁለት በር አለው።

"ወደ የትኛው በር?"

"ወደ ግቢው ነዋ። ሌላ በር ከየት መጣ?"

ለእሱ በር ማለት ደንበኛ የሚገባበት የመንገዱ በር ነው። ለእሷ ደግሞ ውሃ ይዛ የምትገባበት፣ ልብስ ልታሰጣ የምትወጣበት የግቢው በር ነው። ይህን ያህል ዘመን ባንድ ጣሪያ ሥር ኖረው ስለ በር ተነጋግረው አያውቁም። ሌላው ዕቃ ቢገለበጥ ግድ አልነበረውም፤ ተገልብጦ አልገባም ስለሚል እጅ ራሱ ያቃናዋል። ሦስተኛውንና አራተኛውን ማርሽ ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ቀለበት ግን በሁለቱም በኩል እሺ ብሎ ይገባል። ተገልብጦ ከገባ ሜዳ ላይ ምንም አይልም። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሲለቁ ማርሹ ይወጣል፣ መኪናዋም ያለ ከልካይ ትወርዳለች።

ባለ አንሶላው ክው አለ። ደወለ። አታነሳም። እንዳታነሳ የነገራት ማን ሆነና? ደግሞ ደወለ። ከዚያ ጎረቤቱን ከነሞተር ሳይክሉ ከደጃፉ ጎትቶ "ቁልቁለቱን፣ በናትህ" አለው። መንገዱ ላይ በእያንዳንዱ ኩርባ ገደሉን ቁልቁል ያያል፤ ምንም አለማየቱ ግን አላረጋጋውም። ፈራ። አባቱ ሲሞቱ እንኳ እንዲህ አልፈራም።

ከኩርባዎቹ በአንዱ መኪናዋ ከመንገዱ ዳር ከተቆለለ አሸዋ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ አገኛት። እህቱ ከጎኗ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ቀኝ መዳፏ ቀልቶ አብጧል።

"እትዬ፣ ተጎዳሽ?"

"ደህና ነኝ። ነዳጅ ስለቅ ማርሹ ይወጣብኛል። ሳስገባው መልሶ ይወጣል። በኋላ ባንድ እጄ ተጭኜ ይዤው ወረድኩ፣ ፍሬኑ ሲሸተኝ አሸዋው ውስጥ ከተትኳት።"

"ታዲያ ገና ሲጀምርሽ ቆመሽ አትደውዪልኝም?"

"ደውዬ ምን ልበልህ?" አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። "አሁንም ማርሽ አላወቅሽበትም እንድትሉኝ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሚስቱን ሊያነሳ አፉ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጠው።

"አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ። አንዱን ዕቃ ገልብጬ ነው የገጠምኩት።"

"የመጀመሪያውስ?"

"የመጀመሪያውም አንቺ አይደለሽም። ኩሽኔታው አርጅቶ ነው። ስከፍተው አይቼዋለሁ።"

"አይተኸዋል።"

"አይቼዋለሁ፣ እትዬ።"

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ባሏ ጋ ደወለችና "ወንድሜ የሚነግርህ አለ" ብላ ሰጠችው። ነገረው። የቀለበቱንም፣ የኩሽኔታውንም፣ ዝም ማለቱንም። ጎረቤቱ ሞተሩን የሚያይ መስሎ አንገቱን ደፋ።

"ስጣት እስቲ" አለ አማቹ ከወዲያኛው ጫፍ።

እህቱ በደህናው እጇ ከጎማው ሥር አሸዋውን እየዛቀች ነበር። "ሁለተኛው ማርሽ ደህና ነው?" አለች።

"ደህና ነው። ፍሬኑ ይቀዝቅዝና በሁለተኛ ቀስ ተብሎ ይወረዳል። እኔ ልንዳ።"

ተነሳች፣ ጉልበቷን አራገፈችና የሾፌሩን በር ከፈተች።

"እየነዳች ነው በለው።"