ሁለት ዓይን ያለው ፈረስ

አምና ሲያትል አጠገብ ባለችው ፌደራል ዌይ ከተማ ቤታቸው እየሄድኩ የማስታምማቸው ሽማግሌ ኢራናዊ ሠዓሊ ነበሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዓይናቸውም በየሳምንቱ ይደክማል። የቀራቸው አንድ ሥዕል ነበር፦ መዳፍ በምታክል ወረቀት ላይ አራት እግሩን ዘርግቶ የሚጋልብ ጥቁር ፈረስ። የኮርቻው አበባ ሳይቀር ከድመት ፀጉር በተሠራ ብሩሽ ተሥሎ አልቋል። የጎደለው ዓይኑ ብቻ ነው። "ዓይን ነፍስ ስለሆነ መጨረሻ ነው የሚገባው" ይሉኝ ነበር። የእሳቸው ዓይን ሳይጠፋ ሥዕሉን ተጨርሶ ከማየት ሌላ ምኞት አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ብሩሹን ሰጡኝ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እንደነበረ ያወራሁላቸው እኔው ነኝ፤ ምን አለ ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

"ልጄ፣ አንዲት ነጥብ ናት" አሉኝ።

ነጥቧን አሳረፍኩ። ቀና ብዬ ሳያት ግን አልወደድኳትም። ፈረሱ በጎን ስለተሣለ ባለ አንድ ዓይን ሆነ። በአባቴ ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ከሐዲ ነው፤ የጻድቅ ፈረስማ ሁለቱንም ዓይኖቹን አፍጥጦ ያያል። የሰውዬውን የመጨረሻ ሥራ እንዲህ አርክሼ ልተወው? እጄ ከሐሳቤ ቀደመች። ግንባሩ ጠርዝ ላይ ሁለተኛ ዓይን ጨመርኩ።

ሽማግሌው አጉሊ መነጽራቸውን አንስተው ሥዕሉን አዩት።

"እኔን ያየኛል" አሉ። "የእኛ ፈረስ ሰው አያይም፤ የሚሄድበትን ነው የሚያየው። አሁን ወዴት ይሂድ?"

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፓርኪንጉ ድረስ ወጣሁና ባለቤቴ ጋ ደወልኩ፤ እየተንተባተብኩ ነገርኳት።

"ሶ፣ ፊክስ አታደርገውም?" አለችኝ።

የአባቴ ግድግዳ ቢሆን ኖራ ቀብቼ እንደገና እጀምር ነበር። ይህ ግን ወረቀት ነው፤ ቀለሙን ጠጥቶታል። ልትኳል ዓይኗን አጠፋች ይባላል፤ እኔ ዓይን ጨምሬ አጠፋሁ። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ መሪውን በጡጫ መታሁት፤ ምንም አልፈየደልኝም።

ተመልሼ ስገባ ሥዕሉን በግንባሩ ደፍተውታል።

"ተሳስቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ ቀሩ። ከቆምኩበት የሚታየኝ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነበር፤ እሱም ያለቅሳል።