ከማንጎው ሥር የተለሰነው መሬት

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የምከራየው ቤት ስፈልግ ነው። አሁንም ከሥራ ተመልሼ የግቢውን በር ስከፍት ትዝ ይለኛል፤ ምክንያቱም ለጥቂት ቀናት ያህል ሰው ተገድሎ የተደበቀበት ቤት ያየሁ መስሎኝ ነበር።

ጀዊ የስደተኞች መጠለያ የሥነ ምግብ ባለሙያ ሆኜ ከተመደብኩ ጥቂት ወራት አልፈው ነበር። ከሌሎች ጋር በደባልነት መኖሩ ስለከበደኝ ደላላ አነጋገርኩ። ጀማል ይባላል። ከባሮ ወንዝ ብዙ የማይርቅ፣ ተዘግቶ የቆየ የጭቃ ቤት አሳየኝ። ቆርቆሮው ዝጓል፤ ግቢው ውስጥ ትልቅ ማንጎ አለ።

«ማን ነበር የሚኖርበት?» አልኩት።

«አስተማሪ ነበር። ተዛወረ።»

ወደ ውስጥ ስንገባ ደግሞ «ነጋዴው ሲሄድ እኮ አምፖሉን እንኳ አልነቀለም» አለኝ። አስተማሪው መቼ ነጋዴ እንደሆነ ለመጠየቅ አፈርኩ። ዙሪያዬን ማየት ጀመርኩ።

የውስጠኛው ክፍል መቀርቀሪያ የተገጠመው ከውጭ በኩል ነው። ሰው በሩን በራሱ ላይ የሚዘጋ ቢሆን ኖሮ ከውስጥ ነበር የሚያደርገው። ክፍሉ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ፣ መሬት የተቀመጠ ሰው ጀርባ በሚያርፍበት ከፍታ፣ ጭቃው ከመታሸት ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ጥግ ላይ የአጎበር ገመድ የተንጠለጠለባቸው ምስማሮች አሉ፤ ለአንድ ሰው አልጋ ብቻ የሚሆን ቦታ ነው።

እዚያ እንደቆምኩ በሐሳቤ አንዲት ሴት ታየችኝ። ወጣት ናት፣ እንደ እኔ ከሩቅ የመጣች። ባሏ ሲወጣ ይቀረቅርባታል። እሷም በሩን እየጠበቀች ግድግዳውን ተደግፋ ትውላለች።

ስንወጣ ማንጎው ሥር ረዘም ያለ፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ፣ በጭቃ የተለሰነ ቦታ አየሁ። ልስኑ አዲስ ነው። ሰው የማይኖርበት ግቢ ደግሞ ተጠርጓል። እኔ ባደግኩበት ደብረ ማርቆስ ሰው የሚቀበረው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰውን ጓሮ ውስጥ የሚቀብር ቢኖር፣ እንዲታወቅበት የማይፈልግ ሰው ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

ጀማል ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ውሻ ነው እህቴ። የሞተ ውሻ። በዚህ የተነሳ እንዲህ ያለ ቤት ሊያመልጥሽ ነው?»

ለውሻ ማን ይለስናል? ያን ሳምንት ሥራ ላይ ሆኜም የማስበው ያቺን ሴት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ፎቶ አንስቼ ቀበሌ ላመለክት ብቻዬን ተመለስኩ። በፈረሰው አጥር በኩል ገባሁ። ስልኬን አውጥቼ ወደ ማንጎው ስጠጋ፣ አንዲት ረጅም፣ ጠና ያለች ሴት ተንበርክካ መሬቱን በእርጥብ ጭቃ ስትለስን አገኘኋት።

«ፎቶ ለምንድን ነው?» አለችኝ ሳትነሳ። «ልትገዢ ነው? ልታፈርሺ?»

«ልከራይ ነበር… ውሻ ነው ብለውኝ…» አልኩ። ስደነግጥ አፌ ያገኘውን ነው የሚናገረው።

እጇ ልስኑ ላይ ቆመ። «ማን አለ?»

«ጀማል።»

«ጀማል እናቴን ውሻ አለ?» ብድግ አለች። «ከእናቴ እጅ ዓሣ በልቶ ያደገው ጀማል? ቆይ፣ ዛሬ ሚስቱ ፊት ነው የምጠይቀው!»

ወደ አጥሩ ሳፈገፍግ አይታ መሰለኝ፣ መልሳ ተቀመጠችና ስሟን ነገረችኝ። አሪየት ትባላለች፤ አኙዋክ ናት። ቤቱ የእናቷ ነበር። ወንድሟ ኑሮውን ጎግ ወረዳ አድርጓል፤ ቤቱ ተከራይ ካላገኘ ሊሸጠው ነው። የገዛው ሰው ደግሞ አፍርሶ ሲሠራ እናቷን እንደሚቆፍራት አትጠራጠርም። ወንድምየው ደገኛ ተከራይ መቃብር ካየ ይሸሻል ብሎ፣ ደላላው እንዳይናገር አዝዞታል። እሷ ግቢውን የምትጠርገው ተከራይ እንዲወደው ነው። የሚመጣው ተከራይ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ደግሞ ትፈራለች።

«መቀርቀሪያውስ?» አልኩ። ጥርጣሬዬ ገና አልለቀቀኝም።

በአገጯ ወደ ባሮ አመለከተችኝ። «እናቴ መጨረሻ ላይ ነገር ጠፋባት። ‹መርከቡ ከሱዳን መጣ› ትልና ወደ ወንዙ ትሄዳለች። መርከብ የት አለ? ልጅ ሆና ነው ያየችው። ውኃ እንዳይወስዳት ቀረቀርን። እኔ በዚህ በኩል ግድግዳውን ተደግፌ፣ እሷ በዚያ በኩል፣ እስኪመሽ እናወራለን።»

ከዚያ አየችኝና «እናንተ ደገኞች ሰው ሲሞት ሩቅ ወስዳችሁ ትተዉታላችሁ» አለች። «ብቻውን አይፈራም?»

ስልኬን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

ነገሩን እንዲሁ አላመንኩም። ሰኞ ጀዊ ስደርስ አንድ የአካባቢው ተወላጅ የሥራ ባልደረባዬን ጠየቅኩት። «የእኔም አባት ግቢያችን ውስጥ ነው» አለኝ፤ ምን እንዳስገረመኝ አልገባውም። በዚያው ሳምንት ቤቱን ተከራየሁ። አሪየት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልብስ እጣቢ በማንጎው በኩል እንዳልደፋ።

ጀማልን በመጠርጠሬ አልጸጸትም፤ ዋሽቶኝ ነበርና። የሚገርመኝ ግን፣ ያንን ልስን ሳይ ገዳይ ወዲያው ታየኝ እንጂ የእናቷን መቃብር የምትለስን ልጅ ትዝ እንኳ አላለችኝም። አሁን ዝናብ በበረታ ቁጥር ልስኑ እንዳልፈረሰ ወጥቼ አያለሁ፤ ከተሰነጠቀ ለአሪየት እደውላለሁ።

የከበደኝ የራሴ እናት ነገር ነው። በስልክ «ብቻሽን አትፈሪም?» ስትለኝ «ኧረ ብቻዬን አይደለሁም፣ አንዲት ትልቅ ሴት አሉ» አልኳት፤ ማንጎው ሥር መሆናቸውን ግን አልነገርኳትም። ቀጥላ ስማቸውን፣ አገራቸውን፣ ቤተ ክርስቲያን ይስሙ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ተንተባተብኩ። ነገሩ አላማራትም መሰለኝ፣ ለፋሲካ ራሷ መጥታ ልታያቸው ተነስታለች።