ጋሼ እንግዳው ያጫወቱን ጉዞ

እስካሁን ስልኬን እያየሁ ተቀምጫለሁ። እህቴ ጽጌ ጠዋት ከላሊበላ ደውላ «ጋሼ እንግዳው አረፉ» ስትለኝ «የትኛው እንግዳው?» አልኳት። ሌላ እንግዳው አናውቅም። ጆሮዬ አልቀበልም ብሎኝ ነው።

ባለፈው እሑድ አውርተናል እኮ። ከወልድያ ደውዬ «እንዴት ነዎት?» ስላቸው፣ «እኔን ተይኝና በፋሲካ የተጫወትነውን ጉዞ ከመጀመሪያው በይልኝ» አሉኝ። አልኩላቸው። ማሩን ረሳሁት። «በይ ከበቅሎዋ ውረጂ» ብለው ሳቁብኝ።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሼ እንግዳው የሰፈራችን ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደ አሸተን ማርያም ለሚወጣ እንግዳ በቅሎ ሲያከራዩ ኖሩ። ልጓሙን ይዘው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ እንጂ፣ እሳቸው በቅሎ ላይ ተቀምጠው አንድም ቀን አይተናቸው አናውቅም።

ድግስ ካለ ደግሞ ጨዋታው የሳቸው ነው። ምሳ ተበልቶ ሰው ወደየስልኩ ማቀርቀር ሲጀምር ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጋሉ። «ዛሬ ይምርሐነ ክርስቶስ እንሄዳለን። በቅሎዋ ተጭናለች። ማን ማን አለ?»

በቃ፣ ስልክ ሁሉ ኪስ ይገባል። እያንዳንዱ ሰው በተራው መንገዱ ላይ አንድ ሰው ወይም አንድ ዕቃ ይጨምራል፣ ትንሽ ታሪክም ያበጅለታል። ግን ከመጨመሩ በፊት እስከዚያ የተባለውን ሁሉ ከነታሪኩ በቅደም ተከተል መናገር አለበት። የረሳ «ከበቅሎዋ ይወርድና» የሌላውን እጅ ያስታጥባል።

አንድ ክርስትና ላይ የነፍስ አባታችን፣ ዳዊትን በቃላቸው የሚያንበለብሉት ሰውዬ፣ የጨው ከረጢቱን ረሱ። ጋሼ እንግዳው ብድግ ብለው እጅ ነሡና «ይፍቱኝ አባ፣ ከበቅሎዋ ይውረዱ» አሏቸው። አባ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ሲዞሩ እኔ አፍሬ ከነወጥ እጄ ቀረሁ።

ሁልጊዜ ስንጀምር አንድ ነገር ይሉናል፦ «ማንንም መንገድ ላይ እንዳትጥሉ።»

እናቴ ውባለም በሞተች በዓመቱ ጽጌ ተመረቀች። አባቴ ከቀብሩ ወዲህ የእናቴን ስም አንድ ቀን እንኳ ጠርቶ አያውቅም ነበር። እኛም እሱን ፈርተን መጥራት ተውን። ፎቶዋ ሳይቀር ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ እኔ ድምጿ ራሱ እየጠፋብኝ ነበር።

በምርቃቱ ድግስ ላይ ጋሼ እንግዳው ጉዞውን ጀመሩ። ማር ተጫነ፣ ጨው ተጫነ፣ አንድ ዓይነ ስውር መሪጌታ ተቀላቀሉን። ተራው ዞሮ እሳቸው ጋ ሲደርስ እንዲህ ብለው ጨመሩ፦ «ገነተ ማርያም መታጠፊያው ላይ ውባለምን አገኘናት። አዲሱ ጫማዋ አቧራ እንዳይነካው በእጇ አንጠልጥላ ትሄዳለች።»

ቀጣይዋ ጽጌ ነበረች። ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገረች፣ እናታችንንም ጠራች። ከሷ ቀጥሎ እኔ። ከዚያ ጎረቤቶቻችን። ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ስም ከየሰዉ አፍ ሲወጣ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

አባቴ ጋ ደረሰ። ማሩን አለ፣ ጨውን አለ፣ መሪጌታውን አለ። እናቴ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጋሼ እንግዳው «ውረድ» አላሉትም። መሬት መሬቱን እያዩ ጠበቁት።

«ውባለም» አለ አባቴ። ቆየት ብሎ «በእጇ አይደለም ግን። በነጠላዋ ጠቅልላ በብብቷ ነው የምትይዘው፣ ሰው እንዳያይባት። አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ?»

«እሺ፣ አንተ ንገረና» አሉት።

ነገረን። ጨዋታው እዚያው ላይ ቀረ፤ አባቴ ከሰዓቱን ሙሉ ስለ እናቴ ሲያወራ ዋለ። ፎቶዋም በማግስቱ ግድግዳው ላይ ተመለሰ።

ስሸኛቸው «ጋሼ፣ የጫማውን ነገር ተሳስተው ነው?» አልኳቸው።

«አባትሽ ስሕተት ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም። አብረን ነው ያደግነው» አሉኝ። «አብሽሪ።»

ዛሬ ልጄ አይታት የማታውቃትን አያቷን ከነጫማዋ ታውቃታለች። ያን ቀን ያደረጉልኝን አንድ ቀን በደንብ አመሰግናቸዋለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። እሑድ ለትም ስለ ማሩ ስንስቅ ሳልነግራቸው ስልኩን ዘጋሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ቤታችን ውስጥ እናታችንን የመለሱልን እርስዎ ነዎት።

አሁን ተራው የኔ ነው። በቅሎዋ ተጭናለች። ማሩ አለ፣ ዛሬ አልረሳሁትም። ጨው አለ። መሪጌታው አሉ። ውባለም ጫማዋን በብብቷ ይዛ አለች። አሸተን ማርያም ዳገቱ ላይ ደግሞ ጋሼ እንግዳውን አገኘናቸው፤ በቅሎ ላይ ተቀምጠው ይወጣሉ።

የሚያውቁዎት ሁሉ «ተሳስተሻል፣ እሳቸው ተቀምጠው አያውቁም» ይሉኛል። ይበሉኝ። እዚሁ ሥር እየጻፉ ያርሙኝ፣ እያረሙኝም ስለ እርስዎ ያውሩ።

እርስዎ ግን ዛሬ አይውረዱ። ልጓሙን እኛ ይዘነዋል፣ ማንንም አንጥልም። በሰላም ይግቡ ጋሼ።